ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ

ተራራ የወጣ ሰው ስለ ድካሙ ይደነቃል፤ ኮረብታ የወጣን ሰው ግን እንዴት ወጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ወደ ቤዛዊት መውጣታችንን እንደ ጀብዱ ቈጥረን አናወራውም። የምናወራው ከዚያ ላይ ሆነን ስላየነው ነገር ነው።

ከባሕር ዳር ከተማ በእግሩ የተነሣ መንገደኛ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፥ 380 ሜትር የሚረዝመውን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ኮረብታይቱን ከፊቱ ያገኛታል። አቀበቷ ሽማግሌን እንኳ የሚከለክል አይደለም። በአናቷ ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የታነጸ ቤተ መንግሥት አለ። ወደ ሰሜን ቢመለከቱ ርዝመቱ ወደ 84፥ ወርዱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ጣና ከሰማይ ጋር ተጋጥሞ ይታያል። ከግርጌም ዓባይ ከሐይቁ ጉያ ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከዚያም ጎጃምን ዞሮ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ተመረቀው ታላቅ ግድብ ይጓዛል።

ወደዚህች ኮረብታ የወጣነው አንድ ቅዳሜ ማለዳ ነበር። በዋዜማው ዓርብ፥ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ፥ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ወደ ቢሯችን ገብተው ነበር።

«አባቴ፥ ሰዓቱ አልፏል፤ ሰኞ ይመለሱ» አልናቸው።

«ልጄ፥ የመጣሁት ከዘጌ በታንኳ ነው። ነፋሱ አዘገየኝ» አሉን።

እኛም «ምክንያት የሌለው ባለጉዳይ የለም» ብለን መዝገቡን ዘጋን። ሽማግሌው ምንም ሳይመልሱ ወጡ።

በማግሥቱ ከኮረብታው ላይ ተቀምጠን ቈሎ ስንቈረጥም፥ በሐይቁ ላይ አንዲት ነቍጥ አየን። አተኵረን ብንመለከት እንጨት የተጫነች የደንገል ታንኳ ናት። ቈሏችን አለቀ፤ ታንኳይቱ ግን ከነበረችበት ፈቀቅ ያለች አትመስልም ነበር። ከባሕሩ ማዶ የዘጌ ደን እንደ ጥቍር መስመር ተጋድሟል። በጠረጴዛችን ላይ አንዲት ቃል የነበረችው «ዘጌ» ምን ያህል ውኃና ምን ያህል የክንድ ጕልበት እንደ ሆነች ያን ጊዜ ገባን። አፈርንም።

ሰኞ ከሰዓቱ አስቀድመን ቢሯችንን ከፈትን፤ ሽማግሌው አልመጡም። ማክሰኞም ረቡዕም ቀሩ። ሐሙስ ሲመጡ ከመቀመጫችን ተነሥተን ተቀበልናቸው። ጉዳያቸው የፈጀው አንድ ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር። ይቅርታ ልንጠይቃቸው አፋችንን ስንከፍት እርሳቸው ቀድመው መረቁን፤ ምርቃታቸውም ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለባለጉዳይ የምናቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከወዴት መጡ?» የሚል ሆኗል። መዝገብ የሰውን ስም ይነግረናል፤ የመጣበትን መንገድ ግን አያሳየንም። እንግዲህ በጽሕፈት ሥራ የምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በየከተማችሁ አጠገብ አንዲት ኮረብታ አትታጣምና፥ በዕረፍት ቀናችሁ ውጧት፤ ባለጉዳዮቻችሁ የሚመጡበትንም መንገድ ተመልከቱ።