የራዲያተሩ ዕዳ

ወደ ደብረ ማርቆስ የተነሣሁት፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ተውኔቴን ስለሚያሳዩ በክብር እንድገኝ ተጠርቼ ነበር። ተውኔቱ «ነገ አደርገዋለሁ» በሚል ሹም ላይ የሚሳለቅ ነው። ከዚያ በፊት መካኒኩ «ጋሼ፣ ይህ ራዲያተር በብየዳ አይድንም፤ ይለወጥ» ብሎኝ ነበር። ዋጋው የወር ደመወዜን የሚጨርስ ቢሆንብኝ፣ በጄሪካን ውሃ ይዤ መጓዝን መረጥሁ።

የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ስያያዘው የሙቀቱ መርፌ ቀዩን መስመር አለፈ። ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መታገሥ ሲገባኝ፣ እንዳልዘገይ ብዬ ገፋሁበት፤ ቴስታታው ተጣመመ። ደጀን የገባሁት በጭነት መኪና ተጎትቼ ነው።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ትርኢቱ አብቅቷል። የእናቲቱን ሚና የተጫወተችው ልጅ ግን ልብሷን ሳትለውጥ ትጠብቀኝ ኖሯል። «ጋሼ፣ ወንበርዎን እስከ መጨረሻው ባዶ አድርገን ይዘንልዎ ነበር» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ።

በኋላ መካኒኩ አሮጌውን ራዲያተር ከፍቶ አሳየኝ። ቱቦዎቹ በዝገትና በዝቃጭ ተደፍነዋል፤ ለዓመታት ፀረ ዝገት ያለውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በመግዛት ፈንታ የቧንቧ ውሃ ብቻ ስሞላበት ኖሬአለሁና። ራዲያተሩ መለወጡ አልቀረም፤ የቴስታታው ጥገና ደግሞ የእርሱን ዋጋ ሦስት እጥፍ አስከፈለኝ። ያን ዕዳ ቀስ በቀስ ከፍዬ ጨረስሁ። የዚያች ልጅ ዕዳ ግን እስከ ዛሬ አለብኝ።