«ይገባቸዋል» ብዬ ነበር

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። በማግስቱ በሬዲዮ ስሰማ «ይገባቸዋል» አልኩ። ይህን ቃሌን «ልጅነት ነው» እያልኩ ለብዙ ዘመን ሸፋፍኜው ኖሬአለሁ። ልጅነት አልነበረም። አስቤበት ነው ደስ ያለኝ፤ የምናዘዘውም ለዚህ ነው።

ሐሳቤ አጭር ነበር። ወሎ በረሃብ አልቋል፤ የንጉሡ ባለሥልጣናት ረሃቡን ደብቀዋል፤ ስለዚህ ይሙቱ። ቁጣዬ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን የሞቱት እነማን እንደሆኑ እንኳ በቅጡ አልጠየቅሁም። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩበት። ደርግን የተቃወሙ ተራ ወታደሮችም ነበሩበት። በዚያው ሌሊት የሞቱት ጄኔራል አማን አንዶምም እስከዚያ ሰሞን ድረስ የደርጉ ሊቀ መንበር ነበሩ። ተራ ወታደር በወሎ ረሃብ ምን ዕዳ አለበት? ይህን የጠየቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የባለሥልጣናቱን ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ጀምሮ ነበር። አክሊሉ በእስር ላይ ሆነው ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጥተዋል። ረሃቡን ማን አወቀ፣ ማን ደበቀ፣ ማን ዝም አለ? መልሱ ሊገኝ የሚችለው ከእነዚያ ሰዎች አፍ ነበር። እኔ ለወሎ የተቆረቆርኩ መስሎኝ፣ ስለ ወሎ ሊናገሩ የሚገባቸው ሰዎች ዝም ሲባሉ አጨበጨብኩ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። የአንድ አብሮ አደጌ አባት ከተገደሉት አንዱ ነበሩ። በዚያ ቤት እንጀራ በልቼ አድጌአለሁ። ለቅሶ አልደረስኩም። ፈርቼ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ማዘን ነውር መስሎኝ ነው። በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቴን አዞርኩበት።

ያ ሌሊት ለገዳዮቹ አንድ ነገር አሳያቸው፤ ሰው ያለ ፍርድ ቢገደል «ምን አድርጎ ነው?» ብሎ የሚሞግት እምብዛም እንደሌለ። ከደርጉ መሪዎች ጥር 1969 ተፈሪ ባንቲ፣ ኅዳር 1970 ደግሞ አጥናፉ አባተ ራሳቸው በዚያው መንገድ ሄዱ። በቀይ ሽብር ዘመን ታላቅ ወንድሜን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። «በየትኛው ፍርድ ቤት ተፈርዶበት?» ብዬ ልጮህ ስል፣ ፍርድ ቤት አያስፈልግም ካሉት አንዱ እኔ እንደነበርኩ ትዝ አለኝ።

ይህን ሁሉ አይቼ መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም። ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት ላይ የሞት ቅጣት ሲወስን ዳግመኛ ደስ አለኝ። «አሁንማ ችሎት አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ዓመታት የፈጀ ክርክር አለ» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አልክደውም። በ2003 የታሰሩት ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲለወጥ፣ ኋላም ብዙዎቹ በአመክሮ ሲፈቱ፣ የወንድሜ ደም ደመ ከልብ ሆኖ የቀረ መሰለኝ።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ያ ችሎት የሰጠኝን ቆጠርኩ። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደፈረመ፣ ማን እንደተገደለ በሰነድና በምስክር ወጣ። ይህን ያገኘነው ሰዎቹ ቆመው ስለተጠየቁ ነው። ሞታቸው በዚያ ላይ የሚጨምርልኝ አንድም ነገር አልነበረም። ወንድሜንም አይመልስልኝም። በሕይወት ያለ ጥፋተኛ ሊናዘዝ ይችላል፤ ያለ ጥፋቱ የታሰረም ሊፈታ ይችላል። የተገደለ ሰው ግን ዳኛው ተሳስቶ ቢገኝ ማን ይመልሰዋል?

ለስልሳዎቹ ቤተሰቦች፣ ከሁሉ በፊት ለአብሮ አደጌ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታ ማግኘት መብቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከእኔ የሚጠበቀው ሌላ ነው። የሞት ቅጣት ዛሬም በወንጀል ሕጋችን ተጽፎ ይገኛል። ያ አንቀጽ እንዲሰረዝ በደረስኩበት ሁሉ እሟገታለሁ፤ ወንድሙን የገደሉበት ሰው ይህን ሲል የሚሰማው አያጣም።