የረቡዕ ዶሮ

እማዬ ወደ ጌታ ከሄደች በኋላ በቤታችን ዶሮ ተሠርቶ አያውቅም ነበር። አባዬ የሙዝ መኪና ሲያስጭን ውሎ ይገባል፣ ዳቦ በሻይ ይቀምሳል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሽንኩርቱን ማቁላላት ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ 12 ብልት የሚወጣለት ዶሮ ወጥ 10 ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚሞከር ነገር አይደለም።

መላውን የነገሩኝ እዚሁ ሲቀላ ግቢ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው።

«ድፎ ዳቦ ጋግረሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዶሮም እንደዚያው ነው። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች።»

መጀመሪያ የገዛሁት አውራ ዶሮ እንደ ጫማ ሶል ስለሆነብኝ ከዚያ ወዲህ ቄብ ብቻ ነው የምገዛው። ሴት ዶሮ አታርድም ስለሚባል በር ላይ ቆሜ ወንድ እጠብቃለሁ፤ አንድ ቀን ያረደልኝ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ተሳፋሪዋ እስኪጨርስ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ዶሮዋን አራት ቦታ ቆርጬ በሎሚ አጥባለሁ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጨውና በአንድ ማንኪያ ዳጣ አሻለሁ። ከጓሮ የሙዝ ቅጠል ቆርጬ እንዳይቀደድ እሳት ላይ ለብለብ አደርገውና ብረት ድስቱ ውስጥ አነጥፋለሁ። ድንች፣ በትልልቁ የተቆረጠ ሽንኩርት፣ ዶሮዋ፣ ትንሽ ቅቤ፤ ከዚያ በቅጠሉ ሸፍኖ መክደን ነው። ከታች ጥቂት ፍም፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ብዙ ፍም። ውኃ አይጨመርም፤ ከሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይበስላል።

ረቡዕ 12 ሰዓት የጸሎት ፕሮግራም አለን። ስመለስ ለአባዬ ትኩስ ነገር እንዲደርስልኝ ከመውጣቴ በፊት እጥደውና እትዬ እሳቱን ይጠብቁልኛል። ስመጣ ቁራጭ በሳህን አደርግላቸዋለሁ፤ «ለነገ ይሆነኛል» ብለው ይከድኑታል። ሦስት ረቡዕ እንዲህ አለፈ። አባዬ ግን ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

በአራተኛው ረቡዕ ያጠናነው ሮሜ 14ን ነበር፤ ስለ መብልና ስለ ወንድም። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብዙ ተናገርኩ፣ መሪያችንም አመሰገነኝ። ቤት ስደርስ እትዬ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል።

«ምነው እትዬ?»

«ጢሱ ነው፣ ልጄ።»

ፍሙ ጢስ አልነበረውም።

ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ ከልጅነቴ አውቃለሁ። እዚህ አገር ማን አያውቅም? ሥጋ በማይቀምሱበት ቀን የሥጋ እሳት ሲያስጠብቁ መክረሜን ግን አንድ ጊዜም አላሰብኩትም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ድንቹ እንዳያርር አውጪው» አሉኝ።

ዶሮውን ወደ ሐሙስ አዛወርኩት። ሐሙስ የመዘምራን ልምምድ ስላለን አንድ ቀን ቀረሁ፤ የኳየር መሪያችን ደስ አላለውም፣ እውነቱን ነው። እትዬንም እራት ጠራኋቸው። ከደጃችን ሽፈራው ቅጠል ቀንጥቤ ቀቀልኩ፣ እንጀራ አቀረብኩ።

አባዬ ጋደም ብሎ ነበር። እንግዳ ሲገባ መተኛት አልቻለም፤ ተነሣ፣ ጆጉን ከእጄ ወስዶ እሱ ራሱ አስታጠባቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። እትዬ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ ዘረጉ። እምቢ ሊል ነበር።

«እጄን አትመልስ። አንድማ ያጣላል፣ ሌላም አለ።»

ሁለቱንም ጎረሰ። ከዚያ ራሱ ቆርሶ መብላት ጀመረ። እናቴን በየእራቱ እንደሚጠይቃት፣ አንገቱን ሳያቀና፦

«ዳጣ የለም እንዴ?» አለኝ።

ላመጣ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።