የአባዬ መስኮት

አባዬ ደብረ ብርሃን እያለ የቤታችንን መስኮት የሚከፍተው እሱ ብቻ ነበር። ከእንጨት የተሠሩ፣ ባለ ሁለት ተካፋች መስኮቶች ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ እሱ ግን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አንድ በአንድ ይከፍታቸዋል። እኛ ብርድ ልብሳችን ውስጥ ተጠቅልለን እናጉረመርማለን። «ፀሐይ በነፃ ስትመጣ አይዘጋባትም» ይላል። በየቀኑ ያንኑ ነው የሚለው።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙ፤ ንግግሩም ተያዘ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው «ውኃ» ለማለት ዓይኑን ጨፍኖ ቃሉን ከሩቅ የሚጎትት ሆነ። ፊዚዮቴራፒውን እንዲከታተል ወደ እኔ፣ ወደ አዲስ አበባ አመጣሁት። እማዬ ካረፈች ቆይታለች። ወንድሜ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስለዚህ ነገሩ ብዙ ውይይት አላስፈለገውም።

የተከራየሁት ቤት ሰሚት አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስከራየው የወደድኩት መስኮቱን ነበር። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ እንዳለ መስታወት ነው፤ ወርዱ 3.2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር። ፎቶ ላይ ስታዩት ልብ ይሰርቃል። ፎቶው የማይነግራችሁ፣ መስታወቱ ወደ ምዕራብ የዞረ መሆኑን ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ዝቅ እያለች ፊት ለፊት ትገባለች። በበጋ፣ እስክትጠልቅ ድረስ፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ይጠበሳል።

መስኮቱ ላይ ሮለር መጋረጃ ነበረበት፤ ያው ከላይ ቱቦ ላይ የሚጠቀለለው፣ በጎን ባለ ሰንሰለት የሚሳበው ዓይነት። ለእኔ እንኳ ከባድ ነው። አንድ እጅ ይስባል፣ ሌላው ተቀብሎ ይይዛል። አባዬ አንድ ቀን እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ በግራ እጁ ሞከረው። ጨርቁ ክንድ ያህል ከፍ አለና ቆመ። ሰንሰለቱን ለቀቀው፤ ወደ እኔ ሳይዞር ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ቢጨልምበትም ቢያቃጥለውም ዝም ማለት ጀመረ። ሞተር ለመግዛት የወሰንኩት ያኔ ነው።

የመጋረጃ ሞተር ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ምርጫ ኤሌክትሪኩን ከየት ያገኛል የሚለው ነው። አንደኛው ዓይነት በቀጥታ ከቤቱ መብራት ጋር ይገናኛል። ጉልበት አለው፤ ባትሪ አለቀ አላለቀ ብሎ ነገር የለም። ግን ሽቦ እስከ መስኮቱ አናት ድረስ መሄድ አለበት፤ የእኔ መስኮት አናት ደግሞ ኮንክሪት ነው። አከራዬን ግድግዳውን ላስቦርቡረው ብዬ ብጠይቃቸው «የኔ ልጅ፣ ቤቱን እንደተረከብሽው ነው የምታስረክቢኝ» አሉኝ። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ይህን አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም። 10 ሰዓት ላይ ጥፍት ቢል አባዬ ከፀሐይዋ ጋር ተፋጥጦ ሊቀር ነው።

ሁለተኛው ቻርጅ የሚደረገው ነው። ሞተሩ ቀጭን ዱላ ይመስላል፤ ሊቲየም ባትሪው ከውስጡ ነው፤ ጨርቁ የሚጠቀለልበት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ሽቦ የለም፣ ሰንሰለት የለም፣ ሪሞት ብቻ። በየተወሰነ ወሩ እንደ ስልክ ቻርጅ ታደርጉታላችሁ። ለእኔ ቤት የተሠራ ነው የመሰለኝ።

ወንድሜ በቪዲዮ ስንነጋገር ነገሩን ሰምቶ በደስታ ዘለለ። «በስልክ የሚታዘዘውን ግዢ፤ ከዚህ ሆኜ እኔ እከፍትለታለሁ፣ እኔ እዘጋለታለሁ።» ከልቡ ነው። ሩቅ አገር ያለ ልጅ ከገንዘብ ሌላ የሚያደርገው ነገር ሲያገኝ ይጓጓል። አባዬ አጠገቤ ሆኖ ይሰማ ነበር። ግራ እጁን አነሳና «አይ» አለ። ከስትሮኩ በኋላ ሳይደናቀፍ ከሚወጡለት ጥቂት ቃላት አንዱ ነው። እኔና ወንድሜ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

መጋረጃ ቤት ሄድኩ። ልጁ ትሁት ነው። «እህቴ፣ ይሄ እስከ 5 ኪሎ ያነሳል» አለኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ እዚያው ቆሜ አሰላሁ። ጨርቄ ብላክ አውት የሚሉት፣ ብርሃን የማያሳልፈው ነው፤ በካሬ ሜትር 450 ግራም። 3.2 በ2.6 ሲባዛ 8.3 ካሬ ሜትር ገደማ፤ ክብደቱ 3.7 ኪሎ። ከታች ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው የአልሙኒየም ዘንግ 1.3 ኪሎ። ድምር፣ ልክ 5 ኪሎ። ከፈልኩ። ያኔ ሲታየኝ ሒሳቡ ተዘግቷል።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። አባዬ ጠዋት በከዘራው እየተደገፈ ይመጣል፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ሪሞቱን ይጫናል። መጋረጃው እያጉረመረመ ቀስ ብሎ ይወጣል። ያን ሲያይ ፊቱ ላይ የማውቀው ነገር ይመጣል፤ የደብረ ብርሃኑ ሰውዬ።

እውነቱን ለመናገር ምልክቶቹን አይቻቸዋለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ያቃስታል። ቱቦው መሐሉ ላይ ጎብጧል፤ ስለዚህ ጨርቁ ላይ ከሁለቱም ጎን ወደ መሐል የሚወርድ ሽብሽብ ወጥቷል። አየሁት፣ ግን ወር መዝጊያ ደርሶብኝ ነበርና አለፍኩት።

በአምስተኛው ሳምንት፣ የካቲት ውስጥ ነው፣ ሥራ የምታግዘን ልጅ ለቅሶ ሄዳለች። እኔ ቢሮ አመሸሁ። 12 ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት መጋረጃው እላይ እንደተጠቀለለ ነው። አባዬ ሶፋው ላይ ነው። ጋቢውን በግራ እጁ ጎትቶ እራሱን ሸፍኗል። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ሪሞቱን እንደያዘ ነው። ወደ ጓዳ እንዳይሄድ፣ ከዘራውን ልጅቷ ስታጸዳ በር ጋ አስደግፋው ሄዳለች።

«ለምን አልደወልክልኝም?» አልኩት። ጮኼ ነበር። ስልኩ እኮ አጠገቡ ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ስልክ ላይ ቃል አይወጣለትም። ፊት ለፊት ሲሆን እንኳ በዓይኑና በእጁ ነው የሚሞላው። ደውሎ ምን ሊለኝ ነበር? ዝም ብሎ ሊተነፍስ?

ቀና ብሎ አየኝና «ባት…ሪ» አለኝ። ሊያጽናናኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ለባለሱቁ ደወልኩ። «ስድስት ወር ይቆያል አላልከኝም?» «እህቴ፣ እሱ እኮ ለትንሽ መስኮት ነው» አለኝ። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት፤ ግን ያለኝ ነገር አልለቀቀኝም። ለትንሽ መስኮት ስድስት ወር፣ ለትልቅ አምስት ሳምንት? ማታ ወረቀት አውጥቼ ያንኑ ሒሳብ ደግሜ ጻፍኩ፤ 3.7 ሲደመር 1.3። አሁንም 5 ነው። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ያየኛል። ትንሽ ቆይቶ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። በግራ እጁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በተጣመመ ፊደል፣ ከድምሩ ሥር ጻፈ፦

«ራዲየስ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ውኃ ይጠይቃል፣ መድኃኒት ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነት፣ ተማሪውን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ ግን አልጠየቀኝም።

ያን ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀን። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ፣ ካልገባኝ ያሰምርበታል። ያስተማረኝን ላካፍላችሁ፤ ትልቅ መስኮት ያለው ሰው ይጠቅመዋል።

የመጋረጃ ሞተር የሚያዞር ነው፤ ስለዚህ ኪሎ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሚለካው በቶርክ፣ በኒውተን ሜትር ነው። ክብደቱን በ9.81 ታባዛላችሁ፤ ያንን ደግሞ በቱቦው ራዲየስ፣ በሜትር። የእኛ 5 ኪሎ 49 ኒውተን ነው። ቱቦው 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ራዲየሱ 0.019 ሜትር። ሲባዛ 0.93 ይመጣል። ሞተሩ ላይ የተጻፈው 1.1 ነው። ወረቀት ላይ ያልፋል፤ ግን ሰበቃ አለ፣ ቱቦው ላይ ቀድሞ የተጠቀለለው ጨርቅ ራዲየሱን ይጨምራል፣ የጎበጠ ቱቦ ደግሞ ሲዞር ይታገላል። ሞተሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ጉልበቱ ነበር የሚሠራው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

«ታዲያ ወፍራም ቱቦ እናድርግ» አልኩ። ወፍራም ቱቦ አይጎብጥም፤ ይሄ እውነት ነው። አባዬ ራዲየሱ ላይ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ቱቦው 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቶርኩም ከፍ ይላል፤ 1.23። ለሰበቃውና ለመጠባበቂያ ግማሽ ያህል ስንጨምርበት 1.8 ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ ባለ 2 ኒውተን ሜትር ሞተር ያስፈልጋል፤ ባለ 3 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ወንድሜ ልግዛና ልላክ አለ። ልንስማማ ነበር።

አባዬ ግን አዲስ ወረቀት ስቦ መስኮቱን ሣለ፤ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አወረደ። መስታወቱ መሐሉ ላይ የአልሙኒየም ቋሚ አለው። መጋረጃውን ሁለት ቦታ መክፈል! ከጎኑ «16» ብሎ ጻፈ። ይሄን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ዓይነት ቱቦ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ የሚሸከመው በየሜትሩ ያው ከሆነ፣ ጉብጠቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ አሥራ ስድስተኛ ነው የሚወርደው። ቶርኩም ግማሽ ይሆናል፤ 0.47። ያ ያዋረደን ባለ 1.1 ሞተር ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። አይጣልም። አንድ መሰሉን መጨመር ብቻ ነው። አንዱ ቢበላሽ ደግሞ ግማሹ መስኮት ይቀራል።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ጥሎ አላለፈኝም፤ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ጨርቁን ለሁለት ቆርጦ፣ ሁለተኛውን ሞተር ጨምሮ ገጠመልን። አሁን ስትገዙ ምን ልጠይቅ ካላችሁኝ፦ ኒውተን ሜትሩ ስንት ነው፣ ቱቦው ስንት ሚሊ ነው፣ የቻርጅ ቀዳዳው የት ነው (የእኛ 2.6 ሜትር ላይ ነው፤ ያለ መሰላል ወይም ረጅም ገመድ አይደረስበትም)፣ ባትሪው ሲያረጅ ለብቻው ይቀየራል ወይስ ሞተሩ አብሮ ይጣላል። ሊቲየም ሙቀት አይወድም፤ ምዕራብ ላይ ያለ መስኮት ደግሞ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። ከሁሉም በላይ ግን፣ ባትሪው ባለቀበት ሰዓት መስኮቱ ፊት ማን ነው የሚቀመጠው ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሰንሰለት ያስቸግራል እንጂ አያልቅም። ይሄ ያልቃል።

ፍጹም አይደለም። በሁለቱ ጨርቆች መሐል ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት አለች፤ ከሰዓት በኋላ በእሷ በኩል ቀጭን ብርሃን ገብታ ወለሉ ላይ ትሄዳለች። ወንድሜ አይቶ «አያስጠላም?» አለኝ። አባዬ ሰዓት ሳያይ በእሷ ነው የሚያውቀው፤ ምንጣፉ ጫፍ ስትደርስ ሻይ ይጠይቃል።

ሁለቱን ሞተሮች በአንድ ቀን ቻርጅ አናደርግም። ይሄም የእሱ ሐሳብ ነው፤ ሁለቱም አንድ ቀን እንዳያልቁ። እያንዳንዱን በሦስት ወር አንዴ፣ በመሐላቸው ወር ተኩል አለ። ቀኑን የቀን መቁጠሪያው ላይ በግራ እጁ ያከብበዋል። ፊደሉ ከየካቲቱ ይሻላል።

ቀኑ ሲደርስ መሰላሉን አመጣለሁ። እሱ ተነስቶ፣ በሶፋው ክንድ ተደግፎ፣ መሰላሉን በግራ እጁ ይይዝልኛል። ባለ አራት እግር፣ የማይነቃነቅ መሰላል ነው፤ ማንም ባይዘው አይወድቅም። ይሄን ነግሬው አላውቅም። እላይ ሆኜ ገመዱን ስሰካ «ያዝክልኝ?» እለዋለሁ።

«ያ…ዝኩ» ይላል።