ስም የለሹ ገብስ፤ ከጢቾ ደጋ እስከ ብርጭቋችን

ቢራ የሚወድ ሰው ጢቾ ድረስ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ለጉዞ በተነሣሁ ጊዜ ወዳጆቼ ሁሉ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። አንዱማ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ «የመኪናውን ሒሳብ እዚሁ ተራ በተራ ብንጋበዝበት አይሻልም ወይ?» ሲል ቀለደብኝ። መልሴ አጭር ነበር። ወይን ጠጅ የሚወድ ፈረንሳዊ ዘለላው የተለቀመበትን ኮረብታ በስሙ ያውቀዋል፤ ሊያየው ቢሄድም የሚገረምበት የለም። የኛ አገር ቢራ ጠጪ ግን የጠርሙሱን ስም እየጠራ ያዛል እንጂ ገብሱ የየት አገር እንደ ሆነ አይጠይቅም። አርሲ ደግሞ ከኢትዮጵያ የቢራ ገብስ ጎተራዎች አንዱና ዋነኛው ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገዱ አዳማ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፍና አዋሽ መልካሳ አጠገብ ወንዙን ይሻገራል። እዚያ ገና ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ኮት ያስወልቃል። ዴራንና ኢተያን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ ግን ግራሩና አቧራው ወደ ኋላ ይቀርና ስንዴውና ገብሱ ይተካል። አሰላ ከመድረስዎ በፊት ቁሉምሳን ያገኛሉ፤ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ያለው እዚያ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1967 ከስዊድን መንግሥት በተገኘ ርዳታ የተቋቋመው፣ ሕዝቡ «ካዱ» እያለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን የጀመረው በዚህ አካባቢ ነበር። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለአርሲ ገበሬ በሰፊው የተዋወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ጢቾ ከአሰላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከበዳ ተራራ ማዶ ናት። በጠቅላይ ግዛቱ ዘመን አሩሲ ጭላሎ፣ አርባ ጉጉና ጢቾ ተብሎ በሦስት አውራጃ ይከፈል ስለ ነበር ስሟ በየመዝገቡ ይገኛል። ዛሬ የሚያዩት ትንሽ የደጋ ከተማ ነው፤ ባሕር ዛፉ ጉም ለብሶ ያረፍዳል፤ ፈረሱ ከሰው ጋር እኩል መንገድ ይጋፋል። ማሳው ግን የሚታይ ነው። ገብስ ሊደርስ ሲል ዛላውን ይደፋል፤ ነፋስ ሲመጣም ዳገቱ ሁሉ እንደ ውሃ ይተኛና ይነሣል። እኔ ከመኪና ወርጄ ይህን ሳይ የቆየሁት ለተጠራሁበት ቡና ከምቆየው በላይ ነው።

ገብስ ሁሉ ግን ለቢራ አይሆንም። ዛላው ሁለት ረድፍ ፍሬ የሚይዝ አለ፤ ስድስት ረድፍ የሚይዝም አለ። ፋብሪካ አብዝቶ የሚወደው ፍሬው ሙሉና እኩል የሆነውን ባለ ሁለት ረድፉን ነው። ቤካና ሆልከር የሚባሉት ዝርያዎች በዚህ ደጋ ብዙ ዘመን ተዘርተዋል፤ ኋላም ትራቬለርና ግሬስ የተባሉ የአውሮጳ ዝርያዎች መጥተዋል።

አሰላ ያለው የብቅል ፋብሪካ የተቋቋመው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ የሚሠራው ሥራ እናቶቻችን ቤት ውስጥ ከሚሠሩት በመጠኑ እንጂ በባሕርዩ አይለይም። ገብሱ ሁለት ቀን ያህል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ አራት አምስት ቀን ነፋሻ በሆነ ቦታ ይበቅላል፤ ሥሩ ብቅ ሲል በሙቅ አየር እንዲደርቅ ይደረጋል። ነገሩ ፍሬውን የማታለል ጥበብ ነው። ፍሬው አፈር ውስጥ የገባ መስሎት፣ ለቡቃያው ስንቅ ብሎ ያስቀመጠውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡለትን ኤንዛይሞች ያሰናዳል፤ ስንቁን ሊበላ ሲል ሰው ይቀድመዋል። በጠመቃ ጊዜ የሚወጣው ስኳር የእርሾ ምግብ ይሆንና እርሾው አልኮሉንና አረፋውን ይሰጠናል።

ፋብሪካ ገብስ ሲረከብ ከሚመረምራቸው ነገሮች አንዱ የፕሮቲኑ መጠን ነው። ከመቶ ከ9 እስከ 11 ተኩል ገደማ ቢሆን ይወደዳል፤ 12ን ሲያልፍ ብቅሉ የሚሰጠው ስኳር ያንሳል፤ ቢራውም ለመደፍረስ ይቀርባል። የገበሬው ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ምርቱ እንዲበረክትለት ዩሪያ ሲያበዛ ፕሮቲኑም አብሮ ከፍ ይላል፤ እንግዲህ በማሳው ላይ የተመሰገነው ገብስ በመረከቢያው በር ላይ ይነቀፋል። በአጨዳ ሰሞን ዝናብ ቢመታውም ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅልና ለብቅል የማይሆን ሆኖ ይቀራል። የተነቀፈው ገብስ ለምግብ ይሸጣል፤ በልብ የታሰበው ዋጋ ግን አብሮት አይሄድም። የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም የታሰበው በዚያ ዋጋ ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ቢራ ፋብሪካዎቻችን ከሚፈልጉት ብቅል ከፍ ያለውን ድርሻ ለብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ሲገዙ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. ገደማ የውጭ ኩባንያዎች በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ከከፈቱ ወዲህ የገብሱ ፈላጊ በዝቷል። ፈላጊ መብዛቱ መልካም ነው፤ ገዢው ግን እስከ ዛሬ የሚገዛው ኩንታል እንጂ ስም አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከተማ ተቀምጦ አይታሰብም። በአርሲ ደጋ የቢራ ገብስ ከሚያመርተው ገበሬ ብዙው ሙስሊም ነውና ከዘራው ገብስ የሚወጣውን ቢራ አይቀምሰውም። ለእርሱ ገብስ ማለት ቆሎ ነው፤ ገንፎ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጩኮ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። ጥቂት ጩኮ የቀመሰ መንገደኛ እስከ ማታ ምግብ አያምረውም። ለበቆጂ ሯጮች ጉልበት የሰጣቸው ገብስ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ሩጫ አላውቅም፤ ስለ ጩኮው ግን እመሰክራለሁ።

ለሚጠጣው ሰው ደግሞ ፋርሶ አለለት፤ አማርኛው ጠላ ነው። በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ያየ መንገደኛ ቤቱን ሳይጠይቅ ይገባል። እኔ የገባሁባቸው ሴትዮ ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ጭስ ሲያጥኑ ደረስኩ። ጌሾው በውሃ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና ቂጣው ይከተላል፤ በመጨረሻ ከተቆላ የገብስ ዱቄት የተሠራው እንኩሮ ይገባና ጋኑ ይከደናል።

«እትዬ፣ የፋብሪካው ገብስ ለጠላ አይሆንም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ከፋው፤ ይሆናል። ለኔ ግን ጥቁሩን ገብስ የሚያህል የለም። ነጩን ለሚገዛን እንሸጠዋለን፤ ጥቁሩን እንጠምቀዋለን» አሉኝ።

ጠላቸውን ስቀምስ መጀመሪያ የመጣው ጭሱ ነው፤ ቀጥሎ የተቆላው ገብስ፤ የጌሾው ምሬት መጨረሻ ምላስ ሥር ቀረ። ጀርመኖች በባምበርግ ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ እያደረቁ የሚጠምቁት ስመ ጥር ቢራ አላቸው፤ ቱሪስት ከሩቅ አገር እየመጣ ይሰለፍለታል። የኛው ጭስ ከብቅሉ ሳይሆን ከጋኑ የመጣ ነው እንጂ ዘመድነታቸው አይካድም። እንዲሁም ፋብሪካ የሚያመርርበት ሆፕ የተባለው ተክል ረጅም የበጋ ቀን ስለሚፈልግ በኛ አገር አይመቸውም፤ ከውጭ ይገዛል። ጌሾ ግን በየጓሮው ቆሞ አለ።

እንግዲህ «የምትወደው የትኛው ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ አንባቢ ጢቾ የጠጣሁትን ጠላ አስቀድማለሁ። ከጠርሙስ ቢራ አብዛኛው በ1842 እ.ኤ.አ. በቦሄሚያ፣ በፒልሰን ከተማ የተወለደው የወርቃማው ላገር ልጅ ነው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ ማለቴ ነው። ቀዝቅዞ ሲቀርብ ጥም ይቆርጣል፤ ከዚያ በላይ ብዙ አያናግርም። እኔ የጠቆረውን እመርጣለሁ። ከሐረር ፋብሪካ የወጣው ሐኪም ስታውት ወደ ቡና የሚያደላ ጣዕም ነበረው። ቦሌ አካባቢ በቢር ጋርደን ኢን፣ እዚያው ተጠምቆ ሲቀዳ የቀመስኩት ኤቦኒም ብቅሉ ደልደል ያለ ነው። እንዲህ በትንሹ እየተጠመቀ የሚቀዳውን አሜሪካኖች «ክራፍት» ብለውታል። በአገራቸው ሰው በቤቱ ቢራ እንዲጠምቅ የፌዴራል ሕግ የፈቀደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጢቾዋ እትዬ ይህን ቢሰሙ ይስቃሉ። አልኮል ለማይነካ ጓደኛ ሐረር ሶፊ አለለት፤ በየቤቱ ደግሞ ቀሪቦ አለ፤ ቀሪቦን ከሶፊ አስበልጣለሁ።

ከፖም የሚሠራውን ሳይደር ለሚወድ ሰው እንኳ መልስ አለን። ፖም በጨንቻ ደጋ ይበቅላል፤ እኔ ግን ወደ ጠጅ እመራዋለሁ። ኖርማንዲ በፖም የሠራችውን እኛ በማር ሠርተነዋል፤ ያውም ደረቅ ያለው ጠጅ ከብዙ ሳይደር ይበልጣል። ጣፋጩን ለሚወድ ብርዝ ይቅረብለት።

ወደ ስሙ ነገር ልመለስ። ሐረርና በደሌ ከተሞች ናቸው፤ ራያ አገር ነው፤ ዳሽን የሰሜን፣ ዘቢዳር የጉራጌ ተራራ ነው፤ ዋልያ እንኳ በገደል ላይ እየዘለለች ጠርሙስ አግኝታለች። ጭላሎ፣ በዳ፣ እንቆሎና ካካ እያንዳንዳቸው ከ4,000 ሜትር በላይ ሆነው፣ ዝናቡን እያወረዱ ገብሱን ሲያሳድጉ፣ እኔ እስካየሁት ድረስ በስማቸው የተጠራ ጠርሙስ የለም። ነገሩ የክብር ብቻ መስሎ እንዳይታይ ቡናን ማስታወስ ይበቃል። ኢትዮጵያ የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲጠበቁላት ተከራክራ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው ስም ገንዘብ መሆኑን ስላወቀች ነው። የአርሲ ገብስ ከሌላው ጋር በአንድ ጆንያ እስከ ተደባለቀ ድረስ ግን ገበሬው ስለ ፕሮቲን ይከራከራል እንጂ ስለ ስሙ የሚጠይቀው ዋጋ የለውም። በጠርሙሱ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል «የአርሲ ገብስ» ብሎ ለሚጽፍ ፋብሪካ እኔ በበኩሌ ጥቂት ሳንቲም ብጨምር አይቆጨኝም፤ የደመወዝ ቀን ከሆነ ማለቴ ነው።

ለመሄድ ያሰበ ተማሪም ሆነ ጸሐፊ አጨዳው ሳያልቅ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ካፖርት ይያዝ፤ ማታ ብርዱ አይጣል ነው። በገበያ ዋዜማ ደርሶ ማደር ይበጃል፤ ጠላው የሚጠመቀው ለገበያተኛ ነውና በማለዳ ትኩሱ ይገኛል፤ በሦስተኛው ቀን የሚደርስ ሰው የሚቀዳለት ኮምጣጣውን ነው።