ቶሎ የምትድነው ውሻ

በሽተኛ ቶሎ ሲያገግም ደስ ይለኛል። ፈጣን ማገገምንም መጠርጠር እንዳለብኝ ያስተማረችኝ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በእንስሳት ክሊኒክ የሌሊት ተረኛ ረዳት ሆኜ ስሠራ ያገኘኋት አንዲት ጥቁር ፑድል ናት።

ሲያስመልሳት፣ ምግብ ሲያስጠላት፣ ሲያንቀጠቅጣት ትመጣለች። ሳላይን ይሰቀልላታል፤ በማግስቱ ጭራዋን እየቆላች ትወጣለች። «ሆዷን የሚያውክ ነገር በልታ ይሆናል» ይባላል። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ሕመም ይዛ ትመለሳለች።

አንድ ሌሊት ግን ተሸክመው አመጧት። ድዷ ነጥቷል፣ እግሯ ቀዝቅዟል። ጣቴን ታፋዋ ሥር ካለው የደም ሥር ላይ አሳረፍኩ። እንዲህ የተዳከመ ውሻ ልቡ አብዛኛውን ጊዜ ይጋልባል፤ የእሷ ግን ዝግ ብሎ ይመታል። ለዶክተሯ ስነግራቸው ወዲያው ደም አስቀዱ። ሶዲየሟ ወርዷል፤ ልብ የሚያዘገየው ፖታሲየም ደግሞ ከልክ በላይ ወጥቷል።

በሽታው አዲሰን ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 በሰው ላይ የገለጸው። ከኩላሊት አጠገብ ያሉት አድሬናል እጢዎች ይጎዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋቸው የሰውነት የራሱ መከላከያ ነው። ኮርቲሶልና አልዶስተሮን ይጎድላሉ። አልዶስተሮን ከሌለ ጨው በሽንት ይፈሳል፣ ፖታሲየም ይከማቻል። ሳላይን የፈሰሰውን ጨውና ውሃ ስለሚተካ ለጊዜው ያነሳታል። በሽታውን ሲደብቅብን የቆየው እኛው የምንሰጣት ሕክምና ነበር! ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ለማረጋገጥ ኮርቲሶሏ ተለካ፤ እጢውን የሚቀሰቅሰው የኤሲቲኤች መርፌ ተሰጣት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ተለካ። ሁለቱም ጊዜ ከምንም አይቆጠርም። እስከዚያው ኮርቲሶልን እንዲተካ የተሰጣት ዴክሳሜታዞን ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ቢሆን መለኪያው ኮርቲሶል እየመሰለው ውጤቱን ያበላሸው ነበር።

አሁን በየወሩ ገደማ አልዶስተሮንን የሚተካ ዲኦሲፒ የሚባል መርፌ ትወጋለች፤ በየቀኑም ኮርቲሶልን የሚተካ ጥቂት ፕሬድኒሶን ትወስዳለች። በአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ ጁላይ 4፣ ርችት ሲተኮስ ወይም ሰው ቤት ስትቀመጥ፣ ሐኪሟ ባዘዙት መሠረት የፕሬድኒሶኑ መጠን ይጨመርላታል፤ ጤነኛ እጢ ጭንቀት ሲመጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። በሽታው ድመትንም ይይዛል፣ ግን ብርቅ ነው። ድመቶች ሕክምናው ተጀምሮም ለማገገም ቀናት ሊወስድባቸው ስለሚችል፣ ተስፋ ቆርጦ በመርፌ ለማሳረፍ መቸኮል አይገባም።

ዛሬ የሚያስመልሰው ውሻ ሲመጣ ባለቤቱን «ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆኖ በሳላይን ተነስቶ ያውቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አዎ ካሉኝ፣ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ደህና ቢሆኑም እንኳ ዶክተሯን «ኮርቲሶሉን ብናየውስ?» እላቸዋለሁ፤ ጨዉ ሳይዛባ ኮርቲሶል ብቻ የሚያጥረው ውሻም አለና።