የወባው ክኒን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ትናንት በስልክ «ወባ ሳይዝሽ የወባ መድኃኒት ምን ይሠራልሻል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይንሽ እንዳልዞረ አውቃለሁ። ስለዚህ አረፍ ብለሽ እንድታነቢው ጻፍኩልሽ።

እማዬ፣ መጠየቅሽ ደግ ነው። ደምቢያ ያደገ ሰው ክሎሮኪንንና ምሬቱን መቼም አይረሳም። የኔው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይባላል፤ የዚያው የቅርብ ዘመድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወባ እንዳይዛቸው ሜፓክሪን የተባለ ክኒን ይውጡ ከነበሩ ወታደሮች መካከል ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው ሲሻላቸው ታየ። በ1951 እ.ኤ.አ. ዶክተር ፍራንሲስ ፔጅ ያንኑ ክኒን ሉፐስ ለሚባለው፣ ሐኪሜ በኔም ላይ ለጠረጠረችው በሽታ ሕሙማን ሰጥተው ያዩትን ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። የኔው ክኒን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ ሉፐስ ላለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ይታዘዛል።

«በሽታው ሳይታወቅ?» ያልሽው ግን እኔንም አስጨንቆኝ ነበር። ሉፐስን ብቻውን ቁርጥ አድርጎ የሚናገር ምርመራ የለም። ኤኤንኤ የሚሉት የደም ምርመራዬ ፖዘቲቭ ነው፤ ይህ ግን ጤነኛ ሰው ላይም ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሜ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚሉኝን ጣቶቼን፣ ፀሐይ ሲነካኝ ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ የሚወጣውን ቅላት፣ የደሜንና የሽንቴን ውጤት አንድ ላይ እያየች ነው። ገና ያልደረሱ ውጤቶች አሉ። የበሽታው ስም እስኪገኝ ግን ሰውነቴ ራሱን መውጋቱን አይተውም። አንቺን ስም ያጣ በሽታ ያስፈራሻል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ስሙን ስንጠብቅ ኩላሊቴ እንዳይነካ ነው። ለዚህ ነው ሳልጠብቅ የጀመርኩት።

ዓይን ያጠፋል ብለው የነገሩሽ ጭራሽ ውሸት አይደለም። ብዙ ዓመት ሲወሰድ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ለዚህም መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም። ዓይኔንም ከወዲሁ ታይቻለሁ፤ ወደፊትም በየጊዜው ይታያል። መጠኑ ከተጠበቀ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እንዲህ ያለ ጉዳት እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። ለጊዜው የያዘኝ ማቅለሽለሽ ብቻ ነው፤ እሱም ከምግብ ጋር ስውጠው ይቀልልኛል። በጾም ከቅዳሴ መልስ ስበላ እወስደዋለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ይህ ክኒን እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አያሽልም። ለውጡ እስኪታወቅ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ አንዳንዴም 6 ወር ይፈጃል። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ደውለሽ «አልተሻለኝም» ብልሽ «እንግዲያው ተዪው» እንዳትዪኝ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይጀምር እነሱ ይጨርሳሉ።

ጸበልም እሄዳለሁ፣ እማዬ። በልጅነቴ ይዘሽኝ የሄድሽበትን አልተውኩም። ግን ክኒኔን አስቀምጬ አልሄድም። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንና ጸበሉን አብረው እንዲወስዱ አስተምረው ነበር። ለነሱ የተፈቀደ ለኔ አይከለከልም። ጎረቤት ሌላ ቢልሽ ይህንኑ ንገሪልኝ።

ለፋሲካ ስመጣ ረጅም እጅጌ ለብሼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ጥላ ጥላውን ስሄድ ብታዪኝ አትደንግጪ፤ ፀሐይ ሕመሙን ስለሚያስነሳብኝ ነው። ክኒኑን ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ታስቀምጪልኛለሽ፤ ለሕፃን ጥቂቱም አደገኛ ነው፣ የእህቴ ልጆች እንዳያገኙት።

እስከዚያው በደወልሽ ቁጥር «ተሻለሽ ወይ?» ከማለትሽ በፊት «ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ?» ብለሽ ጠይቂኝ። ጸሎትሽም አይለየኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ